ሚኒሞው አልወርድ ያለው የበረዶ ሞተር

ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አንድ የምለው በካናዳ ወረቀቴ ነው፤ እናቴ ብትጠየቅ ሁለት ሳትጨምርበት አትቀርም። ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኢቶቢኮ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ቅጠል በሞተር የሚነፋ ሰውዬ ነው። ጀርባው ላይ ያዘላት ትንሽ ሞተር ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ነው፤ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ራስ ያዞራል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔ የአስቤዛ ጋሪዬን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው መንገድ የዘጋብኝ መስሎት ሞተሩን አጠፋ። «ግድ የለም፣ አታጥፋው» አልኩት። ግራ እየገባው መልሶ አስነሳው። ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ብሏል። ሚኒሞ የአገር ቤት መካኒኮች ቃል ነው፤ ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ በቦታው ሲሠራ ያለው ፍጥነት ማለት ነው። ልነግረው አፌን ስከፍት ልጄ ክንዴን ይዛ «ማሚ፣ ፕሊስ» ብላ ጎተተችኝ። እሷ ምን ታውቃለች። እኔን እዚህ አገር ሰው ያደረገኝ ሚኒሞው አልወርድ ያለ አንድ ሞተር ነው።

የምሠራበት የሞተር መጠገኛ ሱቅ ከኤርፖርቱ ብዙ ሳይርቅ፣ መጋዘን ብቻ የተደረደረበት መንገድ ላይ ነበር። በአንድ ጎኑ ምንጣፍ የሚያከፋፍሉ ሰዎች፣ በሌላው ጎኑ ዶናት ቤት። አሁን ጂም ሆኗል፤ አንድ ቀን በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ፣ የአጎቴ የጋሼ ወርቁ ጠረጴዛ በነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ልጅ የትም የማይሄድ ብስክሌት ትነዳለች። ያኔ በሙቀቱ ወራት የሣር ማጨጃ፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ የበረዶ መጥረጊያና ስኖሞቢል ይጠገንበት ነበር። ስኖሞቢል ላላየ ሰው፣ ከፊት እንደ ሸርተቴ ሁለት እግር ያለው፣ ከሆዱ ሥር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት የሚዞርለት፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው በረዶ ላይ የሚበሩበት ነገር ነው። ባለቤቱ ስታን የሚባል፣ ከወደ ሰሜን የመጣ ወፍራም ሰው ሲሆን፣ ከጺሙ ላይ የዶናት ስኳር ጠፍቶ አያውቅም። ጋሼ ወርቁ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አዲስ አበባ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ፎርማን ነበሩ፤ ካናዳም መጥተው በቱታቸው ሥር ከረባት ያስሩ ነበር። ስታን መጀመሪያ ሰሞን «ከሥራ በኋላ ሠርግ አለህ?» ይላቸው ነበር፣ በኋላ ተወው። ጠዋት ሲገቡ ኮታቸውን ይሰቅላሉ፣ ቱታቸውን ይለብሳሉ፣ ከረባታቸውን በሁለት ሸሚዝ ቁልፍ መሃል ይሸጉጣሉ፣ ከዚያ ካቻቢቴያቸውን ያነሳሉ። እኔን እዚያ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ሥራዬ ወለል መጥረግ፣ የሞተር ዕቃ በቤንዚን ማጠብና ደጃፉ ላይ የተከመረውን በረዶ በአካፋ መዛቅ ነበር።

ከምኖርበት ከሬክስዴል ሁለት ባስ ይዤ ነው የምመጣው። ለባሱ እንደ ሳንቲም የምትከፈለው ቶክን የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነበረች፤ ኪሴ ስትቀደድ የሚያሳስበኝ ቶክኗ እንዳትወድቅ ነበር። ጫማዬን ከአሮጌ ልብስ ቤት በስድስት ዶላር ነው የገዛሁት፤ የወንድ ነበር፣ በሦስት ካልሲ ልክ ይሆናል። ከሱሪዬ ሥር ሁለት ስቶኪንግ፣ ከኮቴ ሥር ነጠላዬን አጥፌ ደረቴ ላይ አስራለሁ፤ እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ የሙቀት ልብስ አላገኘሁም፣ ልጄ በሦስት መቶ ዶላር ገዝታ ያለበሰችኝን ጃኬት ጨምሬ ነው የምላችሁ። ጋሼ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ባስ፣ ሰብዌይ የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር፣ እንደገና ባስ ይዘው ይመጣሉ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከሦስት ወንዶች ጋር ይኖሩ ነበር፤ ምግብ የሚያበስለው ተረኛ ነው፣ የጋሼ ተራ የደረሰ ቀን ሁሉም ከውጭ በልተው ይመጣሉ። በዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ከጎረቤት ቡናና ዶናት ይገኝ ስለነበር፣ «ዛሬ እኔ ልክፈል» እየተባባልን ከአጎቴ ጋር በየጠዋቱ በር ላይ ስንገፋፋ፣ ሻጯ ልጅ የምንጣላ ይመስላት ነበር። የስታን ሬዲዮ ስለ መኪናና ስለ ሄደች ሚስት የሚያለቅሱ የገጠር ዘፈኖች ብቻ ነው የሚያሰማው። ጋሼ ጥቂት ያዳምጡና «የእሱስ ሚስት የሄደችው በመኪና ነው» ብለው፣ ከቅጂ የተቀዳ የአገር ቤት ዘፈን ካሴታቸውን ትንሿ ማጫወቻ ውስጥ ይከታሉ። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጮህ ይመስላል፤ ግን ግጥሙን ስለምናውቀው ይበቃናል።

የሞተር ነገር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። አባቴ ፍቼ ላይ የእህል ወፍጮ ነበረው፣ የልጅነት ሥራዬም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ተራ ማስጠበቅ ነበር። በአንድ ጆሮዬ እህል ይዘው የመጡትን ሴቶች ወሬ፣ በሌላው ሞተሩን እሰማለሁ። ቺንጋው ሲላላ፣ ናፍጣው ሊያልቅ ሲል፣ ድንጋዩ ያለ እህል ሲዞር፣ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። ከውጭ ሆኜ «አባባ፣ ናፍጣ!» ስል፣ አባቴ በርሜሉን ሳያይ ጀሪካን ያነሳ ነበር። ቶሮንቶ ስመጣ ደግሞ ስለ ትናንሽ ሞተሮች የተጻፉ መጻሕፍት ከላይብረሪ እየተዋስኩ በመዝገበ ቃላት አነበብኩ። አንዱን መጽሐፍ ደጋግሜ ከማደሴ የተነሳ የላይብረሪዋ ሴትዮ «ባልሽ እንዴት ነው፣ አልጨረሰውም?» አለችኝ። ባል እንደሌለኝ፣ አንባቢዋም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ አዲስ ሲመጣ ታስቀምጥልኝ ጀመር።

ታዲያ በዚያ በሦስተኛው ዊንተሬ፣ ቀይ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግ አንድ ሽማግሌ ስኖሞቢሉን በተጎታች ጭኖ አመጣ። በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። ችግሩ ሚኒሞ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ይጮኻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መኪና ማርሽ ካላስገቡበት ሚኒሞው ቢጨምርም ጩኸት ነው እንጂ ጉዳት የለውም። ስኖሞቢል ግን ፍሪሲዮኑ በፍጥነት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ከዞረ ማሽኑ ማንም ሳይነካው መሄድ ይጀምራል። ጋሼ ማሽኑን ሙቀት ውስጥ አስገብተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ አስነሱት። ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ብሎን በካቻቢቴ ቀነሷት፤ ሞተሩ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። ሽማግሌው አመስግኖ ሄደ፣ በሳምንቱ ተመለሰ። ጋሼ አሁንም ካንዴላ ቀይረው፣ የነዳጁን ሽቦ ዘይት ቀብተው፣ ብሎኗን ጨምረው ቀነሷት። ሄደ።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። ማሽኑ ከተጎታቹ ሲወርድ በረዶ የምዝቀው እኔ ነኝ፤ ውጭ ሲነሳ ሰምቼዋለሁ። ውጭ ይጮኻል፣ ውስጥ ሙቀቱ ጋ ትንሽ ሲቆይ ዝም ይላል። ብርድ ሲሆን የሚከፈት፣ ሲሞቅ የሚዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ደግሞ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መሃል ያለችው የላስቲክ አንገት ሳትሆን አትቀርም፤ ከተሰነጠቀች በስንጥቁ አየር ትስባለች፣ አየር የበዛበት ሞተር ደግሞ ይፈጥናል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስቶኑን ያቃጥላል። ብሎኗን መቀነስ ትኩሳት ያለውን ሰው ቴርሞሜትር እንደ መስበር ነው። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ጠርጥሬ ዝም አልኩ። ምን ልበል? ጋሼ የእናቴ ወንድም፣ የሠላሳ ዓመት መካኒክ፣ ሥራ ያስገቡኝ ሰው ናቸው። እኔ መጥረጊያ ይዤ፣ በፈረንጅ ፊት፣ «ተሳስተዋል» ልላቸው ነው? የኛ ሰው ይህን አያደርግም። አላደረግኩትም።

ሦስተኛው ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ለስታን ነገረው። ሞተሩን ሳያጠፋ ከማሽኑ ወርዶ ጉድጓዱን ሲቆፍር፣ ማሽኑ ከኋላው ጮኾ ብቻውን ተነሳ። ቀስ እያለ በአጠገቡ አልፎ፣ በረዶው ወደሚሳሳበት፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ ወደሚታይበት ሄደ። ሽማግሌው ሮጦ ቁልፉን ሲያጠፋው በረዶው ከእግሩ ሥር ተንቋቋ። «ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አለ፣ «እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።» ቅዳሜ ከወንድሙ ጋር ተመልሶ ሊሄድ ቀጠሮ አለው።

እሱ ከወጣ በኋላ ስታን ወደ ጋሼ መጣ። ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ነበር የሚያወራቸው።

«ወርቁ፣ ሦስተኛው ነው። ቅዳሜ ደህና ከሆነ ደህና። ከተመለሰ ግን እኔ ሌላ መካኒክ መፈለጌ ነው።»

ጋሼ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። «ደብዳቤውስ?» አሉ።

«ደብዳቤው ላይ ቋሚ ሠራተኛዬ ነው ብዬ ነው የምፈርመው። ሰኞ እንነጋገር።»

ደብዳቤው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የጋሼ ሚስት እትዬ አስቴር አዲስ አበባ ከቀሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጋሼ ስፖንሰር ሊያደርጓቸው ፎርሙን ሞልተው ጨርሰዋል፤ የቀረችው ሥራ እንዳላቸው የምትመሰክር አንዲት ወረቀት ናት። እትዬ አስቴር በስልክ «ብርድ ልብስ ልያዝ ወይስ እዚያ አለ?» ብለው ከጠየቁ ወር አልፏል።

ስታን ቢሮው ሲገባ ጋሼ ካቻቢቴያቸውን አንስተው እንደገና ወደ ብሎኗ ሄዱ። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ግን ፊት ለፊት መናገርም አልሆነልኝም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ወለሉን በሳሙና ማጠብ አለብኝ። ይቺን ማሽን ወደ ውጭ ብንገፋት?»

«ዛሬ? ይኼን ሁሉ ቀን ሳታጥቢ?»

«ስታን ዘይቱን አይቶ ተቆጣኝ።» ስታን ምንም አላለኝም።

«እንግዲህ ግፊ» አሉ፣ ደክሟቸው። ገፋናት። ከአጥሩ ጋር በሰንሰለት አሰርናት፣ እዚያው አደረች። እኔም ለውሸቴ መቀጫ ወለሉን በሙሉ አጠብኩ።

ዓርብ ጠዋት የአፍንጫ ውስጥ ፀጉር የሚያደርቅ ብርድ ነበር። ጋሼ ማሽኗን ወደ ውስጥ ለማስገባት ከአጥሩ ፈትተው የማስነሻ ገመዱን ሳብ አድርገው አስነሱ። እሪ አለች። በሁለት እግሯ በረዶውን እየቧጨረች ወደ አጥሩ መሄድ ስትጀምር፣ ጋሼ መሪዋን ይዘው፣ ከረባታቸው በትከሻቸው ላይ ተገልብጦ፣ እኔ ኋላዋን አንስቼ የጎማ ሰንሰለቷ አየር ላይ እንድትዞር በእንጨት ላይ አስቀመጥናት።

«ትናንት ደህና ነበረች!» አሉ በጩኸቷ ላይ።

«ትናንት ሙቀት ውስጥ ነበረች፣ ጋሼ።»

አዩኝ። እኔም ዓይኔን ወደ በረዶው ጥዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን አወጣሁ። የራሴን ሐሳብ በአባቴ አፍ ማስገባት ነበር ዘዴዬ፤ አባቴ ለጋሼ የታላቅ እህታቸው ባል ነው፣ የሱን ቃል መቀበል አያሳፍርም።

«አባባ ወፍጮው እንዲህ ሲሆንበት ምን ያደርግ እንደነበር ያውቃሉ? ካርቡራቶሩ ከሞተሩ የሚገናኝበት ላይ ግራሶ ይቀባ ነበር። ግራሶው ስንጥቁን ሲደፍነው ሞተሩ ዝም ካለ፣ አየር የሚስበው እዚያ ጋ ነው ይል ነበር።»

ሞተሩ በመሃላችን ይጮኻል።

«የት ያለው ወፍጮ?» አሉ።

«ፍቼ ያለው።»

«የአባትሽ ወፍጮ በናፍጣ ነው የሚሠራው» አሉ ጋሼ። «ናፍጣ ሞተር ካርቡራቶር የለውም።»

በዚያ ብርድ ፊቴ ጋለ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ፣ ሞተር አውቃለሁ የምል ሴት፣ ይህን እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሚሄዱ መስሎኝ ጠበቅኩ። ጓንታቸውን አወለቁና እጃቸውን ዘረጉ።

«ግራሶውን አቀብይኝ።»

በጣታቸው ዝቀው የላስቲኳን አንገት ዙሪያዋን ቀቡ። ከላይ ምንም የለም። ከጎን ምንም የለም። ከታች፣ ዓይን በማያይበት በኩል ሲደርሱ፣ ጩኸቱ ቁልቁል ወረደ፤ ወረደ፣ አንድ ሁለቴ አሳለና ሞተሩ ጭራሽ ጠፋ።

«ጠፋ» አልኩ።

«ይጥፋ እንጂ። ብሎኗን ሦስቴ ያወረድኳት እኔ አይደለሁ? አየሩ ሲዘጋባት በምን ትተንፍስ?»

ላስቲኳን ፈተው ሲያጎብጧት ስንጥቁ እንደ አፍ ተከፈተ። ኪሳቸው ውስጥ ከተው ትንሽ ሲያሞቋት ደግሞ ገጠመች፤ አገላብጠው እያዩ ሳቁ፤ ብዙ ጊዜ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጓሮ ከተጣለ አሮጌ ማሽን ላይ ደህና ላስቲክ ነቅለን ገጠምን፣ ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ውጭ ትተን ሁለት ጊዜ አስነሳናት። በሁለቱም ጊዜ ተዉኝ ልተኛ የምትል መሰለች።

ዕቃ ስንሰበስብ ጋሼ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«በመጀመሪያው ሳምንት ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

ካቻቢቴያቸውን ጠርገው አስቀመጡ። «ሰውዬው ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «ለኔ ክብር ስትዪ ለቀብሩም አብረን እንሄድ ነበር?»

ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ስሠራ፣ ያየሁትን ለማንም፣ በማንም ፊት፣ በዚያው ቀን እናገራለሁ። አንዳንዶች ሴትዮዋ አፏ አያርፍም ይላሉ። ይበሉ። ያን ዕለት ግን የቀረኝን ፍርሃት ይዤ «ለስታን እርስዎ ነዎት ያገኙት፤ ደብዳቤው እስኪፈረም ሌላ ነገር እንዳይሉት» ብዬ ለመንኳቸው። ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

ሽማግሌው ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና፣ ስታን እያየ የጋሼን እጅ ይዞ ወዘወዘ። «ይሄ ሰው ጎበዝ ነው» አለ። ጋሼ ዓሣውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ቆሙ፤ ኋላ እኔ ነኝ ወስጄ የጠበስኩላቸው። ማክሰኞ ስታን ከጋሼ ጠረጴዛ አጠገብ ለእኔ ሌላ ጠረጴዛ አስገባልኝ። ደመወዜንም ጨመረ፣ ለመጥረጊያውም ሌላ ሰው ቀጠረ። በመስኮት ሆኖ ያን ዓርብ አይቶኝ ነው ብዬ አመንኩ፤ ለብዙ ዓመት ሰው ሲጠይቀኝ የማወራው እንደዚያ ነበር። እትዬ አስቴር በሙቀቱ ወራት መጡ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ተሸክመው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ።

ስታን ሱቁን ሊዘጋ ዕቃ በካርቶን ስናስገባ፣ «አጎትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ጋሼ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ደህና እንደሆኑ ነገርኩት፣ ከዚያም በመስኮት ስላየኝ አመሰገንኩት። የምን መስኮት እንደማወራ አልገባውም። ዓርብ ዕለት ከጠዋት እስከ ምሳ ጥርስ ሐኪም ጋ ነበር።

እንዲህ ሲል ነገረኝ። ሰኞ ዕለት ሽማግሌው እንደወጣ ደብዳቤውን ጽፎ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ጋሼን ጠራቸው። ጋሼ ገብተው በሩን ዘጉ። ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም። በሚችሏት እንግሊዝኛ፣ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ያበላሹት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጉድለቱን ያገኘችው የእህታቸው ልጅ እንደሆነች፣ መጥረጊያ ይዛ መቅረት እንደሌለባት ነገሩት። ከዚያ ኮፍያቸውን ይዘው፣ ወረቀቱን ሳያዩ፣ ስታን የሚለውን ቆመው ጠበቁ። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም ነበር።